ከሞሱል የተላከ ደብዳቤ

  

ሰሞኑን የቤታችንን የኪታብ መደርደሪያ አቧራ ስናራግፍ ከአንድ የነሕው ኪታብ መሃል አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ሳንገልጠው ከማን እንደሆነ ዐወቅን። አንድ ኪታብ ነጋዴ ከዓመታት በፊት የጻፉልን ደብዳቤ ነው። ስለ እርሱ ኋላ እንመለስበታለን። ወረቀቱን ይዘን ቁጭ ስንል ግን መጀመሪያ ትዝ ያለን ሌላ ደብዳቤ ነበር፤ ከ800 ዓመታት በፊት፣ ያለውን ሁሉ ያጣ አንድ ስደተኛ መጽሐፍ ነጋዴ፣ በዱንያ ላይ ከኪታብ በቀር ምንም አይወድም ለተባለ ባለ ሥልጣን የጻፈው ደብዳቤ። የዛሬው ጨዋታችን በእርሱ ላይ ነው።

የነጋዴው ስም ያቁት ይባላል። ያቁት በዐረብኛ የዕንቁ ስም ነው። በዚያ ዘመን ባሪያን በዕንቁና በሽቶ ስም መጥራት የተለመደ ስለነበር ስሙ ብቻውን ታሪኩን ይናገርበታል። የተወለደው በ574 ወይም በ575 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1179 ገደማ) በሩም ምድር፣ ማለትም በቢዛንታይን ግዛት ሲሆን፣ ገና ሕፃን ሳለ ተማርኮ ባግዳድ ውስጥ ተሸጠ። የገዛው ዐስከር አል-ሐመዊ የሚባል ነጋዴ ነበር። ዐስከር ከመሸጥና ከመግዛት በቀር ሌላ ነገር የማያውቅ፣ ጽሑፍም የማይሆንለት ሰው ነበርና ልጁን ሕፃናት ቁርኣንና ጽሕፈት ወደሚማሩበት ኩታብ አስገባው። ለአጅር ብሎ አልነበረም፤ የንግድ ሒሳቡን የሚይዝለት ሰው ፈልጎ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ግን ለዚያች ሒሳብ መያዣ ተብላ በተከፈተች በር ምን እንደሚያስገባ ያውቅ ነበር።

ልጁ አደገ። ለጌታው እየነገደ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ እስከምትገኘው ቂስ ደሴት፣ እስከ ዑማንና እስከ ሻም ተመላለሰ። በመጨረሻ ከጌታው ጋር ተጣሉና በ596 ዓ.ሒ. ነጻ አወጣው፤ ከቤቱም አራቀው። ነጻነት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወገን የሌለው የ20 ዓመት ወጣት በባግዳድ መንገድ ላይ በነጻነት ብቻ አይኖርም። ያቁት እንጀራውን ያገኘው ኪታብ በመገልበጥ ነበር። ማተሚያ ቤት ባልነበረበት በዚያ ዘመን እያንዳንዱ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በእጅ ይጻፋል። ይህን የሚሠራው ሰው ወራቅ ይባላል፤ ይገለብጣል፣ ይጠርዛል፣ ወረቀትም መጽሐፍም ይሸጣል። ሥራው ዓይን ያፈዛል፣ ወገብ ያጎብጣል፣ ኪስ አይሞላም። ሆኖም በገንዘብ እየተከፈለህ የሌላውን ሰው ዕውቀት ከፊደል ፊደል እንድታነብ የሚያስገድድህ ሌላ ምን ሥራ አለ? በ377 ዓ.ሒ. እስከዚያ ዘመን በዐረብኛ የተጻፉትን መጻሕፍት በ«ፊህሪስት» የመዘገበው ኢብኑ ነዲምም ወራቅ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ጌታና ሎሌ ታረቁ። ዐስከር ገንዘብ ሰጠውና እንደገና ወደ ቂስ ላከው። ያቁት ነግዶ ሲመለስ ዐስከር ሞቶ ጠበቀው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ገንዘቡ በእጁ ነው። በልጅነቱ የገዛው፣ አንዴም ያባረረው ሰው ሞቷል። ያቁት ግን በእጁ ካለው ለሟቹ ሚስትና ልጆች ደስ እስኪላቸው ድረስ ሰጣቸው፤ የተረፈውንም መነሻ ካፒታል አድርጎ በራሱ መነገድ ጀመረ። ከንግዱ ዕቃ አንዱ መጽሐፍ ነበር። እኛ የዚህን ሰው ታሪክ ለተማሪዎቻችን ስንነግር ከመጻሕፍቱ በፊት ይህችን ነገር የምናስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም።

እስካሁን «እርሱ» ስንል መጣን። ከዚህ በኋላ ግን «እሳቸው» ብንል የሚበዛባቸው አይመስለንም።

ያቁት ጥፋት የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። የኸዋሪጆችን መጻሕፍት አብዝተው አንብበው ከዚያ የተወሰነ ነገር በአእምሯቸው ቀርቶ ነበር። በ613 ዓ.ሒ. ደማስቆ ገበያ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ሲከራከሩ በሰይዲና ዐሊይ (ረ.ዐ) ላይ የማይገባ ቃል ተናገሩ። ሕዝቡ ተነሣባቸው፤ ሊገድላቸውም ትንሽ ቀረው። አምልጠው ሐለብ ገቡ፤ ከዚያም ወደ ሞሱል፣ ወደ ኢርቢል፣ ከዚያም አልፈው ወደ ኹራሳን ሄዱ። ተከራካሪያቸው የባግዳድ ሰው ስለነበር ወሬው ቀድሟቸው እንዳይደርስ ፈርተው ወደ ባግዳድ እንኳ አልገቡም። ብዙ ማንበብ በራሱ ሰውን ከስሕተት እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም። ስሕተቱ የእሳቸው ነው። የሚገርመው ግን ያ ሽሽት ያደረሳቸው ቦታ ነው።

ቦታው መርው ነው። ዛሬ በቱርክሜኒስታን ውስጥ ፍርስራሹ የሚታየው ይህ ከተማ በዚያ ዘመን ለአንድ መጽሐፍ ነጋዴ ምን እንደነበረ ያቁት ራሳቸው ጽፈውታል። በከተማው 10 የወቅፍ ቤተ መጻሕፍት ነበሩ፤ በብዛትም በጥራትም አምሳያቸውን በዓለም ላይ አላየሁም ይላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው በጁሙዓ መስጊዱ ውስጥ የነበረው አል-ዐዚዚያ ሲሆን ወደ 12,000 ቅጽ ይዟል። ወቅፍ ያደረገው ሰው ማን መሰላችሁ? በወጣትነቱ በመርው ገበያ ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል ይሸጥ የነበረ፣ ኋላ የሱልጣን ሰንጀር የመጠጥ ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። ጉልት ላይ ተቀምጦ የሚውል ልጅ ያላችሁ እናቶች ይህችን ለልጃችሁ ንገሩት።

አወሳሰዱም ቀላል ነበር። ከቤቴ 200 ቅጽ ተለይቶ አያውቅም ይላሉ፤ ዋጋቸው 200 ዲናር የሚያወጣ፣ አብዛኛውም ያለ መያዣ የተሰጠ። አንድን ከሩቅ የመጣ መንገደኛ፣ ያውም መጽሐፍ ሽጦ የሚያድር ሰው፣ 200 መጽሐፍ ቤትህ ውሰድ ብሎ ማመን! እኛ መጽሐፉ እንዳይጠፋ ተብሎ በቁልፍ ተዘግቶበት፣ ተማሪው በመስኮት እያየው የሚያልፍ ቤተ መጻሕፍት አይተናል። ያቁት በመርው ያገኙት ፍቅር አገርንም፣ ቤተሰብንም፣ ልጅንም አስረሳኝ እስከማለት አድርሷቸዋል። ኋላ የጻፏቸው መጻሕፍት ፍሬ አብዛኛው ከዚያ የተለቀመ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጆሮ የምትጥም አንዲት ነገርም በመርው ሆናለች። በ615 ዓ.ሒ. ያቁት ዐብዱረሒም አስ-ሰምዓኒ በሚባሉ ዓሊም መጅሊስ ተቀምጠው ሳሉ በሐዲሥ ውስጥ ስለተጠቀሰ፣ በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ይገበያዩበት ስለነበረ አንድ ገበያ ተጠየቁ። እሳቸው «ሑባሻ» ብለው አነበቡት። አንድ ሙሐዲሥ ተነሥቶ «ሐባሻ ነው እንጂ!» ብሎ ድርቅ አለ፤ ማስረጃም ሳያመጣ ድምፁን ከፍ አደረገ። ያቁት ወደዚያ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ሮጡ፤ የቦታውን ስም ከነሐረካው የጻፈ ኪታብ ግን በቀላሉ አልተገኘም። በእኛ ፊደል «ሑ» እና «ሐ» ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ስለሆኑ እንዲህ ያለው ጠብ አይነሣም። በዐረብኛ ግን ሐረካው ካልተጻፈ ሁለቱ አንድ መልክ አላቸው። በዚያች ዕለት የቦታ ስሞችን ሁሉ ከነትክክለኛ አነባበባቸው የሚሰበስብ መጽሐፍ ያስፈልጋል ብለው ቆረጡ። ዛሬ «ሙዕጀሙል ቡልዳን» በሚል ስም የምናውቀው፣ ዘይላዕንና መቅዲሾን ሳይቀር የመዘገበው ታላቅ ኪታብ የተፀነሰው በአንዲት ሐረካ ጭቅጭቅ ነው።

ከመርው በ616 ዓ.ሒ. ወጥተው ወደ ኸዋሪዝም ሄዱ። በዚያ ብርድ ሊገድላቸው ደርሶ ነበር። ለመጻፍ ሲሞክሩ ቀለሙ በረዶ ይሆንባቸውና እሳት ዳር አስጠግተው እያቀለጡ ይጽፉ እንደነበር ተርከዋል። የጁርጃኒያን ከተማ አይተው ከዚህ የሚተልቅ፣ ከዚህ የሚበለጽግ ከተማ ማየቴን አላውቅም አሉ። ያንን ባሉበት ጊዜ የጀንጊዝ ኻን ሠራዊት መንገድ ላይ ነበር።

የተታሮች መምጣት ምን እንዳደረገ በታሪክ ትምህርት የተማርነው ነው፤ በዝርዝሩ አናቆያችሁም። ቡኻራና ሰመርቀንድ በ1220 እ.ኤ.አ.፣ መርውና ጁርጃኒያ በ1221 ወደሙ። ያቁት ሕይወታቸውን ብቻ ይዘው ሸሹ። የንግድ ዕቃቸው ቀረ። ለዓመታት የሰበሰቡት ቀረ። ከተራራ ተራራ፣ ከፍርሃት ወደ ፍርሃት እየተሻገሩ ሞሱል ሲደርሱ የሚበሉትና የሚለብሱት እንኳ በወጉ አልነበራቸውም። ዕድሜያቸው ወደ 43 ዓመት ተጠግቷል። ሰው በዚህ ዕድሜው ቤትና ንብረት ያደላድላል፤ እሳቸው ግን ባግዳድ ከተባረሩበት ቀን ወደ ከፋ ድህነት ተመልሰዋል። በ617 ዓ.ሒ. ከዚያች ከሞሱል ሆነው ደብዳቤውን ጻፉ።

የተጻፈለት ማን ነው? አል-ቃዲ አል-አክረም ጀማሉዲን አል-ቂፍጢ ናቸው። በ568 ዓ.ሒ. በላይኛው ግብፅ፣ ቂፍጥ በምትባል ከተማ ተወልደው፣ በሐለብ መንግሥት ለከፍተኛ ሹመት፣ ኋላም ለወዚርነት የበቁ ሰው ናቸው። እንግዲህ እሳቸውም ለሐለብ እንግዳ ነበሩ፤ ልዩነቱ የእሳቸው እንግድነት በሹመት የተሸፈነ መሆኑ ነው። መጽሐፍ መውደዳቸው ከመጠን ያለፈ ነበር። ሚስት አላገቡም፣ ቤትም አልሠሩም፤ መጽሐፍ የያዘ ሰው ከየአገሩ ወደ እሳቸው ይጎርፍ ነበር። ሲሞቱ የተዉት የመጽሐፍ ክምችት 50,000 ዲናር ተገምቷል። ስለ እሳቸው እንዲህ ይተረካል፦ የአስ-ሰምዓኒን «አንሳብ» ደራሲው በእጃቸው የጻፉትን ቅጂ አገኙ፤ ግን ጥቂት ጥራዝ ይጎድለው ነበር። ሲያፈላልጉ አንድ ቆብ ሰፊ ወረቀቱን ለቆብ ልክ ማውጫ አድርጎ እንደጨረሰው ሰሙ። በሐዘን ለቀናት ወደ ሥራ ሳይወጡ ቀሩ፤ ሰዉም ዘመድ እንደሞተበት ሰው ሊያጽናናቸው መጣ ይባላል። ያ ደራሲ በመርው የሑባሻ ጥያቄ የተነሣባቸው የዓሊሙ አባት ናቸው። ሚስት አለማግባታቸውን እንድትከተሉ አይደለም የምንነግራችሁ፤ ሱናው ይታወቃል። መጽሐፍ ነጋዴ በሕልሙ የሚያየው ደንበኛ ግን እንዲህ ያለው ነው። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ አስቀድመው ይተዋወቁ ነበር፤ ያቁት ሐለብ ሳሉ ከቂፍጢ ቤት ይገቡ ይወጡ ነበር።

ደብዳቤው ረጅም ነው፤ በሰጅዕ፣ ማለትም በሚገጥም ስድ ንባብ ነው የተጻፈው። መጀመሪያ ላይ ያቁት ራሳቸውን «ባሪያዎ ያቁት» ብለው ይጠራሉ፤ ወዚሩንም የዚህ ባሪያ ባለቤት ይሏቸዋል። ይህ የዘመኑ የደብዳቤ ሥርዓት ነው፤ ነጻ ሆኖ የተወለደ መኳንንትም ለበላዩ ሲጽፍ እንዲሁ ይላል። ግን በገበያ የተሸጠ ሰው ያችን ቃል በራሱ እጅ ሲጽፋት ክብደቷ ለሌላው እንደሚሆነው አይሆንም። እኛ ደብዳቤውን ባነበብን ቁጥር ከዚያች መስመር ላይ ቆይተን ነው የምናልፈው።

ከዚያ ዱዓና ምስጋና ይቀጥላል፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ክፍል ለዛሬ አንባቢ ይረዝማል። ቀጥሎ ስለ መርው ያወራሉ። ስለዚያ አገር ዓሊሞች፣ ስለ ኪታቦቹ፣ እዚያው ኖረው እዚያው ለመሞት ስለመመኘታቸው። የተራበ ሰው፣ ልብሱ ያለቀ ሰው፣ ወረቀቱን የሚሞላው ስላነበበባቸው ቤቶች ነው! ከዚያ መከራው ይመጣል። ቤተ መንግሥቶቹ እንዴት ከምድር ገጽ እንደተጠረጉ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበረ፣ አላህ በዕድሜያቸው ላይ ቀን ባይተውላቸው ኖሮ ከእልቆ መሣፍርት ሙታን ጋር ይቆጠሩ እንደነበር ይጽፋሉ። ስለ ራሳቸው ችግር የሚናገሩት በዚህ ሁሉ መካከል ነው፤ ተስፋቸውም ከአላህ በታች ወዚሩ መሆናቸውን በአክብሮት ያሳውቃሉ። ይህን ያህል ብር፣ ይህን ያህል እህል አይሉም።

ቂፍጢ የአንድን ኪታብ ጥቂት ወረቀት አጥተው ለቀናት ያዘኑ ሰው ናቸው። ያቁት ስለ 10ሩ ቤተ መጻሕፍት ሲጽፉላቸው የማንን ልብ እንደሚያንኳኩ ያውቁ ነበር። ብልሃት ነው እንል ይሆናል። ብልሃት ብቻ ግን አይመስለንም። ያንን ጥፋት ጥፋት መሆኑ በትክክል የሚገባው ሰው በሞሱል ገበያ ብዙ አልነበረም።

አሁን ከእኛ ኪታብ መሃል ወደ ወደቀው ወረቀት እንመለስ። የጻፉት ሰው ስማቸውን አናነሣም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጡ፣ በአንድ መስጊድ በር ላይ ሸራ ዘርግተው ኪታብ የሚሸጡ አዛውንት ነበሩ። እኛ ያኔ አዲስ ተመራቂ አስተማሪ ሆነን ወደ አንዲት የወረዳ ከተማ ተመድበን ነበር። ኪታብ ስንፈልግ እንልክባቸዋለን፤ እሳቸው በአውቶቡስ ሹፌር ይልኩልናል፤ ገንዘቡን ደመወዝ ስንቀበል እንከፍላለን። አንድ ጊዜ 340 ብር ቀረብን። ከሚቀጥለው ጥቅል ጋር ይህች ወረቀት መጣች። ሰላምታ፣ የደረሶቹ ደህንነት፣ «እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?»፣ አንድ ጥሩ መዝገበ ቃላት መጥቶ ለእኛ ብለው ማስቀመጣቸው፣ ልጃቸው ማርገዟ። በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ «ልጄ፣ ያችን ነገር ብትልካት፤ የቤት ኪራይ ደርሶብኛል» ይላል።

በወሩ መጨረሻ እንልካለን አልን። በወሩ መጨረሻ ሌላ ነገር መጣ። ደብዳቤውን የምናነበው ገጽ ላይ ምልክት አድርገን አስቀመጥነው፤ ኪታቡን ዘጋነው፤ አራት ወር ሆነ። አዲስ አበባ ስንሄድ በሸራው ቦታ ላይ አንድ ወጣት የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። «ሸኹ አገራቸው ገብተዋል» አለን። ገንዘቡን በሰው በሰው ላክነው፤ መድረሱንም ሰማን፤ አልሐምዱሊላህ። ዝናቡ እንዴት ነው ላሉት ግን መልስ አልጻፍንም። ልጃቸው ወንድ ትውለድ ሴት አልጠየቅንም። በዲናችን የዕዳ ነገር ከባድ መሆኑን ለተማሪዎች ስናስተምር የምንጠቅሰው ሐዲሥ አለ፤ ያን ጊዜም በቃላችን እናውቀው ነበር።

የሞሱሉ ደብዳቤ ዕድለኛ ነበር። ያቁት በሲንጃር አድርገው ሐለብ ገቡ፤ ከቂፍጢ ጥላ ሥር ሆነው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የ«ሙዕጀሙል ቡልዳን»ን ረቂቅ በ621 ዓ.ሒ. ጨረሱ፤ በ625 ንጹሑን ግልባጭ ጀመሩ፤ ያንንም ለቂፍጢ ቤተ መጻሕፍት መታሰቢያ አደረጉት። ጀርመናዊው ዉስተንፌልድ ከ1866 ጀምሮ በላይፕዚግ ሲያሳትመው 6 ቅጽ ወጥቶታል። በመርው ያዩትን እነዚያን 10 ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ከእነስማቸው የምናውቃቸው ከዚህ መጽሐፍ ነው፤ የፍራፍሬ ሻጩንም ታሪክ እንዲሁ።

አንባቢዎቻቸው መጽሐፉን አሳጥሩልን ሲሏቸው እምቢ ብለዋል። በመግቢያው ላይ የጃሒዝን ወሬ ያመጣሉ፦ አንድ ሰው የጃሒዝን መጽሐፍ አሳጠረ፤ ጃሒዝም ደራሲ እንደ ሠዓሊ ነው፣ እኔ ሁለት ዓይንና ሁለት ጆሮ ያለው ሥዕል ሠርቼ ነበር፣ አንተ ዓይኑን አወጣህ፣ ጆሮውን ቆረጥህ ብሎ ረገመው። እኛ እዚህ ታሪካቸውን ከአንድ ዓምድ ላይ ስናጨናንቅ ያቁት ቢያዩን ምን ይሉን ነበር?

የባለጸጋ ኑሮ ግን አልኖሩም። በ626 ዓ.ሒ. ረመዷን 20 (በነሐሴ 1229 እ.ኤ.አ.) ከሐለብ ከተማ ውጪ መንገደኞች በሚያርፉበት አንድ ኻን ውስጥ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። መጻሕፍታቸውን በባግዳድ ደርብ ዲናር በሚባለው ሠፈር ላለው የዘይዲ መስጊድ ወቅፍ አድርገው፣ ለታሪክ ጸሐፊው ለዒዙዲን ኢብኑል አሲር አደራ ሰጥተዋል፤ እርሳቸውም ወደዚያ ወስደውታል። ባሪያ ሆኖ ፊደል የቆጠረባት ከተማ ስለሆነች ይሆን? ሁላጉ ባግዳድን በ1258 ያዘ፤ ሐለብን በ1260።

በዚያው በ626 ዓ.ሒ.፣ በዙልቀዕዳ ወር መግቢያ፣ አንድ የ18 ዓመት ደረሳ ከኢርቢል ተነሥቶ ለትምህርት ሐለብ ገባ። ስለ ያቁት ሰው ሁሉ ሲያወራ፣ ሲያመሰግናቸውም ሰማ። ሊያገኛቸው ግን አልቻለም፤ ከተቀበሩ 40 ቀን ያህል ሆኗቸዋል። ልጁ አድጎ ኢብኑ ኸሊካን የምንላቸው ታላቅ ቃዲና ታሪክ ጸሐፊ ሆነ። «ወፈያቱል አዕያን» በተባለው ኪታባቸው ስለ ያቁት ሲጽፉ የሞሱሉን ደብዳቤ አግኝተው ነበርና፣ ረጅም መሆኑን ሳይፈሩ ሙሉውን ገለበጡት። ዛሬ የምናነበው ከዚያ ነው።